ከሙከራው ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ፦ በጋራ ቢሮ ለመሥራት ያሰባችሁ ይህን አንብቡ

ቤት ውስጥ መሥራት የጀመርኩ ሰሞን ዓለሜን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። የታክሲ ሰልፍ የለ፣ አለቃ የለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ቤተሰቡ ሁሉ የእኔን ቤት መዋል እንደ ሥራ ፈትነት ቆጠረው። "ቤት ከዋልሽማ ጋዝ የሚያመጣውን ልጅ ጠብቂው።" "ቤት ከዋልሽማ በርበሬውን አስፈጪልኝ።" ላፕቶፕ ላይ አፍጥጦ መዋል ለእናቴ ሥራ አይደለም። ሥራ ማለት ጠዋት ለብሰው የሚወጡበት ነው።

እኔም ለብሼ መውጣት ጀመርኩ። በጋራ ቢሮ፣ ኮወርኪንግ በሚሉት ማለቴ ነው፣ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሥራዬ ትርጉምና ለቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። በነዚህ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ቦታ ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያውን በችኮላ ተከራይቼ ብሬ ፈሰሰ። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ ግን ሩቅ ነው። አሁን ያለሁበት ተስማምቶኛል። ከዚህ በታች ያለውን በተራ ብትሠሩት የእኔን የመጀመሪያ ዓመት ትዘሉታላችሁ።

1. ከቤት ያስወጣችሁ ምን እንደሆነ ለዩ

አንዳንዱ የሚሸሸው የመብራት መቆራረጥን ነው። አንዳንዱ የቤት ግርግርን። አንዳንዱ ብቻውን መዋል ሰልችቶት ነው። ደንበኛ የሚቀበልበት ቦታ አጥቶ የሚወጣም አለ። ችግራችሁ ደንበኛ መቀበያ ብቻ ከሆነ ለወር መክፈል ትርፉ ኪሳራ ነው፤ የስብሰባ ክፍል በሰዓት የሚያከራዩ ቦታዎች አሉ። ብቸኝነት ከሆነ ደግሞ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ ያለውን ቦታ ተዉት። እዚያ ሄዳችሁ ከሰው ጋር ብቻችሁን ትሆናላችሁ።

የራሳችሁን ስታርታፕ የምትጀምሩ ከሆነ ዴስክ ከማከራየት ያለፈ ነገር የሚሠሩ ቦታዎችን ቀድማችሁ እዩ። ለምሳሌ አይስአዲስ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኮሌጅ ጋር ተያይዞ ነው። እንዲህ ያሉት ጀማሪዎችን የሚደግፉ ማዕከላት፣ ሀብ የሚሏቸው፣ ሥልጠናና ውድድር ያዘጋጃሉ፣ ከሰው ያገናኛሉ። ለእንደኔ ዓይነቱ ተቀምጦ ጽሑፍ ለሚያርም ሰው ግን ተራው የጋራ ቢሮ ይበቃል።

ቀጥሎ ወረቀት አውጡና የሳምንት ሥራችሁን ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ ቤት የሚሠራና ቢሮ የሚሠራ። እኔ አዲስ ትርጉም የምጀምረው ቤት፣ ሌሊት ነው። እርማት፣ የደንበኛ ጥሪ፣ የዋጋ ማቅረቢያና ክፍያ መጠየቂያ መጻፍ ቢሮ ነው። ስለዚህ የምከፍለው በሳምንት ለሦስት ቀን ብቻ ነው። ሁሉንም ሥራ ተሸክሞ ቢሮ መሄድ የጀማሪ ስህተት ነው። ሐሳብ የሚፈልገው ሥራ እዚያ ይበላሻል፣ ከዚያ ሰው ቦታውን ይወቅሳል።

2. ለሙከራ አንድ ሙሉ ቀን ዋሉ

ለግማሽ ሰዓት ዞሮ ማየት ያታልላል። የሚያሳዩዋችሁ አበባውን፣ የቡና ማሽኑንና ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ጥቅስ ነው። ለአንድ ቀን ከፍላችሁ ዋሉ። ቀኑም ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን፤ ቅዳሜ ሁሉም ቦታ ጸጥ ያለ ነው።

መጀመሪያ መብራት። "ጄኔሬተር አላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም "አዎ" ነው የሚለው፤ እውነቱንም ነው። የመጀመሪያው ቦታዬም ጄኔሬተር ነበረው። አንድ ቀን ለንደን ካለች ደንበኛ ጋር የዓመት ውል እየተነጋገርን መብራት ሄደ። ከታች ጄኔሬተሩ ተንኳኳ፣ አንዴ ሳል አደረገው፣ ተነሳ። አምፖሉ በራ። ሁሉም ሰው "እሰይ" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። የእኔ ስክሪን ላይ ግን የደንበኛዬ ፊት አፏን እንደከፈተች ደርቋል። ቀና ብዬ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ራውተር አየሁት። አብሮ ጠፍቶ ኖሮ ገና እየተነሳ ነው፤ አንዷ መብራት ቀይ፣ አንዷ ብልጭ ድርግም። ተመልሶ እስኪገናኝ አራት ደቂቃ ፈጀ። ስገባ ሴትዮዋ ወጥታለች። ሌላ ስብሰባ ነበራት።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ "ራውተሩ ዩፒኤስ ላይ ነው የተሰካው?" ዩፒኤስ ማለት መብራት ሲሄድ ወዲያው የሚተካ ባትሪ ነው። እሱ ካለ በመብራትና በጄኔሬተር መካከል ያለችውን ግማሽ ደቂቃ ይሻገራታል፣ ጥሪያችሁም አይቋረጥም። "ነው" ካሏችሁ አሳዩኝ በሉ። ነውር የለውም። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ማን እንደሆነም ጠይቁ። ራሱ የሚነሳ ነው ወይስ ቁልፉ ያለው ሰው ምሳ ወጥቶ ይሆናል?

ሁለተኛ ኢንተርኔት። ስልካችሁ ላይ ፍጥነት መለኪያ ክፈቱና ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ። ብዙ ሰው የሚያየው የማውረጃውን ቁጥር ነው። ለቪዲዮ ጥሪ ግን የሚገድላችሁ መጫኛው፣ አፕሎድ የሚለው፣ ነው። ዙም ለሁለት ሰው ጥራት ላለው (720ፒ) የቪዲዮ ጥሪ በሰከንድ 1.2 ሜጋ ቢት በመጫንም በማውረድም እንደሚፈልግ ይናገራል። ትንሽ ነው። ችግሩ 30 ሰው በአንድ መስመር ሲካፈለው ነው። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ መጫኛው ከ3 ሜጋ ቢት በታች ከወረደ ጥሪ ለሚበዛበት ሰው ያ ቦታ አይሆንም።

ሦስተኛ ሶኬት። የምትቀመጡበትን ሶኬት በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ቻርጀሩ ከተንጠለጠለና ከወለቀ ቀኑን ሙሉ በእግራችሁ ደግፋችሁ ልትውሉ ነው። ወንበሩን ለአፍታ ሞክራችሁ አትለፉት፤ ሁለት ሰዓት ተቀመጡበት። መጸዳጃ ቤቱን ጠዋት ሳይሆን ከምሳ በኋላ ግቡበት፤ ውኃ መኖሩን የምታውቁት ያኔ ነው።

ድምፅም አለ። ሕንፃው ሥር የሙዚቃ ቤት ካለ ማወቅ ይኖርባችኋል። አጠገቡ ቤተ ክርስቲያን ካለ ታቦቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ያለሁበት ቦታ አጠገብ ሚካኤል ነው፤ ስለዚህ ወር በገባ በ12ኛው ቀን ጠዋት ጥሪ አልይዝም። ቅሬታ አይደለም፣ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። መስጊድ አጠገብ ከሆናችሁም አርብ ቀትር ላይ ስብሰባ አታድርጉ። እንዲያውም ሰላት የሚሄዱት የቢሮ ጓደኞቻችሁ ስለማይኖሩ ስብሰባው ጎዶሎ ነው የሚሆነው።

የመጨረሻው የመዝጊያ ሰዓት ነው፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የምትሠሩት ከኒውዮርክ ሰዎች ጋር ከሆነ የእነሱ ጠዋት 3 ሰዓት የእኛ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነው። በማርች ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ 10 ሰዓት ይሆናል፣ በኖቬምበር ወደ 11 ይመለሳል። ቢሮው 12 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ከሆነ ከኖቬምበር እስከ ማርች ከደንበኞቻችሁ ጋር የምትገናኙት ለአንድ ሰዓት ነው። ከዱባይ ጋር የምትሠሩ ግን ዕድለኛ ናችሁ፤ ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ነው። አምሽታችሁ የምትወጡ ከሆነ ከበሩ እስከ ታክሲው ያለውን መንገድ በምሽት አንዴ ሂዱበት። በተለይ ሴቶች። ቀን ያማረ ሰፈር ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሌላ ሰፈር ነው።

ከታክሲ ጋር ከተያያዘ አይቀር የእኔን ሕግ ልንገራችሁ፦ ሁለት ታክሲ የሚያሳፍር ቢሮ ለወር አትከራዩ። ሁለተኛው ቦታዬን የተውኩት በዚህ ነው። ቦሌ ያማረ ቢሮ ነበር፤ እኔ የምኖረው አየር ጤና ነው። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ሰበብ እየፈለግሁ መቅረት ጀመርኩ።

3. ሒሳቡን ሳትፈሩ ተነጋገሩ

የነገሯችሁ ዋጋ 15 በመቶ ቫቱን ያካተተ መሆኑን ጠይቁ። ቀብድ ካለ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሁን። የስብሰባ ክፍል በወር ስንት ሰዓት እንደተፈቀደላችሁ፣ ፕሪንት በገጽ ስንት እንደሆነ እወቁ። በቴሌብርም በባንክም ብትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ።

"ወር" ሲሏችሁ ምን ማለታቸው እንደሆነም አረጋግጡ። ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው? ወይስ ወሩ በገባ በ1? ጳጉሜንስ? ባለፈው ቦታዬ ጳጉሜን ለብቻዋ ሊያስከፍሉኝ ሞክረው "ለአምስት ቀን የምትከፍለኝ ደንበኛ ካለች እሺ" ብዬ ተሳስቀን አለፍን።

4. ቦርሳ ውስጥ

ማከፋፈያ ያዙ። አዲስ ሰው የሚወደድበት ዕቃ ቢኖር ይህ ነው፤ አንድ ሶኬት ለአራት ሰው ስታደርጉት በመጀመሪያው ቀን አራት ወዳጅ ታፈራላችሁ። ሄድፎን ማይክ ያለው። ፓወር ባንክ። ነጠላ ወይም ሹራብ፤ ኤሲውን የሚቆጣጠረው ሰው ሁልጊዜ ሙቀት የሚሰማው ሰው ነው።

ሁለት ሲም። ይህ ድሮ ትርጉም አልነበረውም፤ ሁለቱም ያው ቴሌ ነበሩ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ግን አንዱ ሲጠፋ ሌላው የሚኖርበት ጊዜ አለ። ከጥሪ በፊት የስልካችሁን ሆትስፖት አንዴ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታችሁ ተዉት። ሲቸግር ፓስወርድ መፈለግ አይኖርም።

ዋይፋዩ የሁሉም ስለሆነ የባንክ ሥራችሁን በስልክ ዳታ ሥሩ። ሽንት ቤት ስትሄዱ ስክሪኑን ቆልፉ። የምትጠረጥሩት ሰው ስላለ አይደለም፤ የደንበኛ ፋይል አደራ ስለሆነ ነው።

5. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሰላምታ

ይህኛው ላይ ልቆይበት። ቦታውን ቦታ የሚያደርገው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ በሰላምታ ይገባል፣ በሰላምታም ይሰለቻል።

ብራድ ኑበርግ የሚባል ፕሮግራመር በ1997 ዓ.ም. ክረምት፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 2005፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ይህን የጋራ ቢሮ ነገር ሲጀምር በሳምንት ለሁለት ቀን ጠረጴዛ ዘርግቶ ጠበቀ። በመጀመሪያው ወር ማንም አልመጣም። ጠረጴዛው ነበር፣ ኢንተርኔቱም ነበር። ሰው ግን ያንን ቤቱም ያገኘው ነበር። ታሪኩ ደስ የሚለኝ የእኔን የመጀመሪያ ወር ስለሚመስል ነው። 40 ሰው መሐል ተቀምጬ ማንንም አላውቅም ነበር። ጠዋት ገብቼ፣ ጆሮዬን ደፍኜ፣ ማታ እወጣለሁ። ኋላ እንደሰማሁት "ያቺ ኩሩዋ ልጅ" ነበር ስሜ።

የእኛ ሰው ሰላም ሳይለው ያለፈውን ሰው ቀኑን ሙሉ ያስበዋል። ስለዚህ ጠዋት ስትገቡ ሙሉ ሰላምታውን አንዴ ስጡ። ከበሩ ጀምሩ። "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" ከጥበቃው ጋር ሁለት ደቂቃ መቆም ኪሳራ አይደለም። ጄኔሬተሩ ናፍጣ እንደጨረሰ ከማናጀሩ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የስብሰባ ክፍሉን ማን እንደያዘው፣ ውኃ መቼ እንደሚመጣ፣ የጠፋባችሁ ዣንጥላ የት እንዳለም ያውቃሉ። ከዚያ የፅዳቷን እትዬ። ከዚያ ጠረጴዛ የምትጋሯቸውን። ከዚያ ተቀመጡ፣ ሄድፎን አድርጉ። ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ቅንድብ ማንሳትና ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። የጠዋቱን ዕዳ ከፍላችኋልና ማንም አይቀየማችሁም።

ሄድፎን እኛ ዘንድ "አትረብሹኝ" ማለት ገና አልሆነም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ምን እየሰማሽ ነው?" ያለኝ ሰው አለ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ። አልቆጣም፤ አንዱን ጆሮ አወጣና "ሥራ ላይ ነኝ፣ ቡና ላይ እነግርሃለሁ" እላለሁ። ይህቺ "ቡና ላይ" የምትባል ቃል ብዙ ታተርፋለች። እምቢ አላላችሁም፣ እሺም አላላችሁም።

ከሁሉ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። "አንዴ ላስቸግርሽ" ይላል ጎረቤታችሁ። እንግሊዝኛ ደብዳቤ እንድታዩለት ነው፣ ወይም ኤክሴሉ እምቢ ብሎት። አንዴው አንድ ሰዓት ይሆናል። በሳምንት አራት "አንዴ" ካለ አንድ ግማሽ ቀን ሄደ፤ የከፈላችሁበት ቀን። እኔ አሁን የምለው ይህን ነው፦ "ደስ ይለኛል፤ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለ15 ደቂቃ።" ሰዓቱን ስትናገሩ ግማሹ ሰው ራሱ ይፈታዋል። የቀረው ግማሽ በሰዓቱ ይመጣል፣ እናንተም በሙሉ ልብ ትረዱታላችሁ። ሦስተኛ ጊዜ የመጣ ካለ ደግሞ ሥራ ነው፤ ዋጋ ንገሩት። እኔ ላይ ደርሶ ያፈርኩት የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው።

አቀማመጥንም ልጨምር። በር አጠገብ፣ ፕሪንተር አጠገብና ወደ ኩሽናው መንገድ ላይ አትቀመጡ። የመጀመሪያውን ሳምንት አንድ ቦታ ላይ ሁኑ፣ ሰው ፊታችሁን ይልመደው። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ጠረጴዛ ቀይሩ። ጃኬት አንጠልጥሎ ወንበር መያዝ ግን የሠርግ ቤት ልማድ ነው፤ ተዉት።

6. ስልክና ስብሰባ

ሁላችንም የምናውቀው ትዕይንት አለ። ስልክ ይጠራል። "ሄሎ! ሄሎ! ይሰማል? አይሰማም! ቆይ ልውጣ!" ሰውየው ሲወጣ ነገሩ አልቋል፤ ክፍሉም ነቅቷል። ስልኩ ሲጠራ መጀመሪያ ተነሱ፣ ከዚያ አንሱት። ሥርዓቱ ይኸው ነው።

የደንበኛ ስምና የገንዘብ መጠን በአዳራሹ ውስጥ አትጥሩ። ከጎናችሁ ያለው ሰው ለዚያው ድርጅት ዋጋ እያዘጋጀ ሊሆን ይችላል። በእኔ ላይ ደርሶ አያውቅም፤ እኔ ግን የሌላውን ዋጋ ሳልፈልግ ሰምቼ አውቃለሁ።

የስብሰባ ክፍል ስትይዙ ሰዓቱን በማያሻማ መንገድ ጻፉ። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ደብተር ላይ እኔ "9፡00" ብዬ ጽፌያለሁ። ከእኔ ሁለት መስመር በታች አንድ ልጅ "3፡00" ብሎ ጽፏል። ሪሴፕሽኗ ስድስት ሰዓት ልዩነት ስላየች ለሁለታችንም ፈቅዳለች። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፕ ታቅፈን በሩ ላይ ተገናኘን። እሱ በፈረንጅ፣ እኔ በሐበሻ፣ ሰዓቱ አንድ። ከዚያ ወዲህ "ከምሳ በኋላ" ወይም "ጠዋት" የምትለዋን ቃል አልተዋትም።

ስብሰባ ከመጀመሩ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ካሜራው ከጀርባችሁ መስኮት እንዳያሳይ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ። የፈረንጅ ደንበኛ ያላችሁ ደግሞ የበዓል ቀናችንን ቀድማችሁ ላኩለት። በገና፣ በፈረንጆቹ ጥር 7፣ እና በጥምቀት፣ ጥር 19 ወይም 20፣ ብዙ ቢሮ ይዘጋል። እነሱ ግን ያን ቀን ከአዲስ ዓመታቸው ዕረፍት ተመልሰው ሥራ ላይ ናቸው።

7. ምሳና ቡና

ምሳ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘብ ይቆጥባል፣ ደግሞም ሰው ያገናኛል፤ ምሳ ዕቃ ከፍቶ "እንብላ" የማይል የለም። "ጠግቤያለሁ" አይሠራም። አንድ ጉርሻ ተቀበሉ፣ በማግስቱ የእናንተን አቅርቡ። ረቡዕና አርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55ቱንም ቀን፣ የፍስክ ምግብ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት አስቡበት። የሚጾመው ሰው አይናገራችሁም፣ ሽታው ግን እስከ ማታ አብሮት ይውላል። ሥጋ ያለበትን ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ለብቻው ከድናችሁ አስቀምጡ። በረመዳንም ከጎናችሁ የሚጾም ካለ ማኪያቶውን ኩሽና ሄዳችሁ ጠጡት።

ቡናው ላይ የሚያስቸግረው ሒሳብ ነው። "እኔ ልክፈል፣ በሞቴ!" የሚለው ትግል በደመወዝተኛ መሥሪያ ቤት ይቻላል። ፍሪላንሰር ግን አንድ ወር ሞልቶለት አንድ ወር ይነጥፍበታል። ብሩ ያነሰበት ሰው ሒሳቡን ፈርቶ ከቡናው ራሱ ይቀራል። እኔም ቀርቼ አውቃለሁ፤ "ሥራ በዝቶብኝ" እያልኩ። እኛ ጠረጴዛ ላይ የፈታነው በመዋጮ ነው። ሰኞ ሁላችን እኩል እናዋጣለን፣ አንዷ ትይዛለች፣ ሳምንቱን ሙሉ ከታች ካለችው የጀበና ቡና ይጠጣል። ብሩ ካለቀ ሐሙስ ላይ ያልቃል፤ ማንም አይጨምርም። ክርክሩ ቀረ፣ የሚቀርም ሰው ቀረ።

ለቡና ማሽኑን ትታችሁ ጀበናው ጋ ውረዱ። ማሽኑ ጋ ሰው ቆሞ ይቀዳል፣ ይሄዳል። ጀበናው ጋ በርጩማ አለ፣ እስኪፈላ መጠበቅ አለ፣ ሁለተኛ ስኒ አለ። ሰው የሚያወራው በመጠበቅ ላይ ነው። እስከ ሦስተኛው ግን አትቀመጡ፤ በረካው ለቤት ይሁን። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

8. ሥራ ከጎረቤት እንዲመጣ

ቢዝነስ ካርድ አታድሉ። ይልቅ የምትሠሩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ልመዱ። እኔ ለብዙ ጊዜ "ትርጉም እሠራለሁ" ነበር የምለው። ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው ውልና ማስረጃ የሚሄድ የልደት ካርድ ነው። አሁን "ቪዲዮ ላይ ከሥር የሚሄደውን ጽሑፍ በአማርኛ እሠራለሁ" እላለሁ።

ይህችን አንድ ቀን ጀበናው ጋ ተናገርኳት። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ለሱቆች የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚሸጥ ነው። ምንም አላለም። ስኒውን አስቀመጠና ስለ ናፍጣ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። "የማስተማሪያ ቪዲዮ አለን፣ እንግሊዝኛ ነው፣ ባለሱቆቹ አይገባቸውም" አለ። 22 አጫጭር ቪዲዮ ነበር። ያ ሥራ የአራት ወር ኪራዬን ከፈለ። ጽሑፉን ለመሥራት ስልኩን ይዞ አንድ ባለሱቅ ጋ ወሰደኝና "ኢንቮይስ" የሚለውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠየቅናቸው። "ደረሰኝ ነዋ" አሉ። እኔ "የዋጋ መጠየቂያ ሰነድ" ብዬ ጽፌ ነበር።

ለጎረቤት ስትሠሩ ግን ከማያውቁት ሰው ይልቅ ጠንቀቅ በሉ። ዋጋውን፣ ቀኑንና ስንት ጊዜ እንደምታርሙ በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ አድርጉት፤ ግማሹንም ቅድሚያ ተቀበሉ። በየቀኑ የምታዩትን ሰው ብር መጠየቅ ከባድ ነው። ሳይከፍላችሁ የቀረ እንደሆነ ቢሮ የምትቀይሩት እናንተ ናችሁ እንጂ እሱ አይደለም።

የማይመቻችሁን ሥራ ለሌላው አሳልፉ። የኦሮምኛ ትርጉም ሲመጣልኝ ሁለት ጠረጴዛ አልፋ ለምትቀመጠው ልጅ እሰጣታለሁ። ኮሚሽን አልጠይቅም። እሷም የአማርኛውን ወደ እኔ ትልካለች። ሒሳቡን ቆጥረነው አናውቅም።

9. ወሩ ሲያልቅ

ከወሩ መጨረሻ ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ፣ ክፍያ ሳይጠየቅ፣ ቁጭ በሉ። ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ቀን ሄድኩ? እዚያ የጨረስኩት ሥራ ምንድን ነው? ስማቸውን የማውቃቸው ሰዎች ስንት ናቸው? የከፈላችሁትን ለሄዳችሁበት ቀን አካፍሉት። የአንድ ቀን ዋጋው ከዕለት ክፍያው በላይ ከሆነ የወር ክፍያውን ተዉትና በቀን ክፈሉ። በዐሥር ቀንና ከዚያ በታች የምትሄዱ ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል።

ሄዳችሁም ምንም ያልጨረሳችሁ ከሆነ ወደ ቁጥር 1 ተመለሱና የሥራ ክፍፍሉን አስተካክሉ። ሥራውን ጨርሳችሁ ሰው ካላወቃችሁ የቡናውን ሰዓት ቀይሩ፤ እኔ ጋ ሁሉም የሚወርደው 4 ሰዓት ላይ ሲሆን እኔ ለአንድ ወር ሙሉ 5 ሰዓት ላይ ብቻዬን ስጠጣ ኖሬያለሁ።

ለቃችሁ የምትወጡ ከሆነ ቀብዱን በዚያው ቀን ተቀበሉ፤ "ነገ ደውይ" የሚለውን አትስሙ። ላፕቶፓችሁ ያስታወሰውን የፕሪንተርና የጋራ ፎልደር ይለፍ ቃል አጥፉ። ማከፋፈያችሁን ከጠረጴዛው ሥር ንቀሉ። አራት ሰው ቻርጅ እያደረገበት ሊሆን ስለሚችል በምሳ ሰዓት ይሁን። ሲኒያችሁን ከኩሽና አውጡ፣ ጀበናዋ ጋ ያለባችሁን ሒሳብ ዝጉ፣ በሩ ላይ ጋሼን ተሰናበቱ።